ቁልፉ ውስጥ የቀረበት ቤት

የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ሊኑክስ ጫንኩበት፤ ሁሉም ነገር አሪፍ ነው፤ ዋይፋይ ብቻ የለም» አለኝ። አነጋገሩን ልብ በሉልኝ። «አይሠራም» ወይም «ይቆራረጣል» አላለም፤ «የለም» ነው ያለው። ከፍቶ አሳየኝ። የዋይፋይ ምልክት የሚቀመጥበት ጥግ ባዶ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የዋይፋይ መሣሪያ እንዳልተገኘ የሚናገር አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል። ከሦስት ቀን በፊት በዚሁ ማሽን፣ በዚሁ ካርድ፣ በዊንዶውስ ተከታታይ ፊልም ሲያወርድ ነው ያደረው። ካርዱን የነቀለው የለም፤ ክዳኑም አልተከፈተም። ታዲያ የት ሄደ?

ልጁ ዊንዶውስን የተወው ተፈላስፎ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ካላገኘ በወጉ አልጫንም ይላል። የእኛ ማሽን ሰከንድ ሃንድ የተገዛ፣ ዕድሜው አሥር ዓመት ያለፈ ነው። ኪቦርዱ ደህና ነው፤ ባትሪው ሁለት ሰዓት ይይዛል፤ ግን በአንድ ቀን ጡረታ ወጣ። እንዲህ ያለ ማሽን እጁ ላይ የቀረ ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ላፕቶፕ ሲባል በአብዛኛው ይኸው ነው። ሊኑክስን ወዶ ሳይሆን ተቸግሮ የሚሞክር አዲስ ሰው መጥቷል ማለት ነው። ይህ ሰው ከሊኑክስ ጋር የሚተዋወቀው ደግሞ በከርነል አይደለም፣ በተርሚናልም አይደለም፤ በዋይፋይ ነው። ዋይፋዩ ከተነሳ «ያው ኮምፒውተር ነው» ብሎ ይቀጥላል። ካልተነሳ «ሊኑክስ አይረባም» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ሄዶ፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ አስጭኖ ይመለሳል።

«አይረባም» የሚለው ፍርድ ለእኔ የተሳሳተ አድራሻ ላይ የተጣለ ደብዳቤ ነው። የገመድ አልባ ካርድ በሊኑክስ ላይ አልነሳ ሲል፣ ከብልሽቱ ሥር ብዙውን ጊዜ የምናገኘው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ያቺ አነስተኛ ካርድ ውስጥ የሚሮጠውን ሶፍትዌር ማን ይሰጣል? ማን ያድላል? ማንስ ይከለክላል? የሃያ ዓመቱ ታሪክ በዚህ ክርክር ዙሪያ የዞረ ነው፤ መጨረሻው ላይ የተገኘው መፍትሔም ከምሕንድስና ይልቅ ስምምነት ይመስላል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ካርዷን እንያት። ከላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ስትወጣ ከቴምብር ብዙም አትበልጥም፤ ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች ጫፏ ላይ ይሰካሉ። ስትታይ ዝም ያለች ዕቃ ትመስላለች። ነገር ግን የራሷ ፕሮሰሰርና የራሷ ማስታወሻ ያላት ኮምፒውተር ናት። ሬዲዮውን በሴኮንድ ሺህ ጊዜ እየከፈተች እየዘጋች፣ ሞገዱን እየሰማች፣ የጠፋውን እየደገመች ትሠራለች፤ ይህን ሁሉ የምታደርግበት ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ድራይቨር የምንለው ሌላ ነው። ድራይቨር በዋናው ኮምፒውተር በኩል ተቀምጦ ከካርዷ ጋር የሚነጋገር አስተርጓሚ ሲሆን፣ ፈርምዌር የካርዷ የራሷ ልብ ነው። አስተርጓሚው ቢኖርም ልቡ ከሌለ የሚያናግረው የለም።

ነገሩ የከረረው በሳንቲም ምክንያት ነው። ካርዷ ፈርምዌሩን ራሷ ላይ እንድትይዝ ቋሚ ማስታወሻ ቢደረግላት ዋጋዋ ትንሽ ከፍ ይላል። ፋብሪካዎቹ ያቺን ቁራጭ አወጧትና ፈርምዌሩን በዲስክ ላይ እንደ ተራ ፋይል አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ድራይቨሩ ፋይሉን አንስቶ ካርዷ ላይ ይጭናል፤ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል፤ ነገም እንደገና። ዊንዶውስ ላይ ይህ ፋይል ከድራይቨሩ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ማንም አያየውም። ሊኑክስን የሚያዘጋጁ ሰዎች ግን ፋይሉን ለማደል የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ባለቤቱ ፈቃድ ካልሰጠ ፋይሉ ከሲስተሙ ጋር አይመጣም። ፋይሉን ከኢንተርኔት ላውርድ ቢባል ደግሞ ኢንተርኔቱ የሚገኘው በካርዷ ነው። ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን የቆለፈ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ የሚያስበውን ማሰብ ይጀምራል አዲሱ ተጠቃሚ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ብሮድኮም የተባለው ቺፕ ሠሪ ታሪክ ነው። ሊንክሲስ የተባለ ኩባንያ በ2002 መጨረሻ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለ ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ገበያ ላይ አዋለ። በ2003 ሰዎች ውስጡን ሲመረምሩ የሚሮጥበት ሲስተም ሊኑክስ ሆኖ ተገኘ። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ የሚታደልበት ጂፒኤል የተባለ ፈቃድ «ከተጠቀምክበትና ከሸጥከው ኮዱን ስጥ» ስለሚል፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት ኮዱን ለቀቀ፤ ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለው ነጻ የራውተር ሲስተም የተወለደው ከዚያ ነው። አንድ ነገር ግን አልተለቀቀም። በራውተሩ ውስጥ ያለው ቺፕ የብሮድኮም ነበር፤ የዋይፋዩ ድራይቨር የመጣው ሊነበብ በማይችል የተዘጋ ፋይል ነው። ነገሩን አገላብጣችሁ እዩት። ብሮድኮም ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር ነበረው፤ ዋይፋዩንም በሚሊዮን ቤቶች ያስተላልፍበት ነበር። የዚያው ኩባንያ ካርድ ላፕቶፑ ውስጥ የገባለት ሰው ሊኑክስ ሲጭን ግን «የለም» ይባላል።

በጎ ፈቃደኞች መንገዱን በጣም አድካሚ በሆነ ሁኔታ ከፈቱት። አንደኛው ቡድን የኩባንያውን የተዘጋ ድራይቨር እየፈታ ቺፑ እንዴት እንደሚታዘዝ በጽሑፍ አስቀመጠ፤ ሌላው ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር ፈጽሞ ሳያይ ጽሑፉን ብቻ እያነበበ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። ሁለቱ የተለያዩት «ሰርቃችኋል» የሚል ክስ እንዳይመጣ ነው። ሥራው በ2006 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ፈርምዌሩ ግን አሁንም የኩባንያው ስለሆነ ማደል አልተቻለም። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ተሠራ፤ ተጠቃሚው የኩባንያውን ድራይቨር ራሱ ያወርዳል፤ መሣሪያው ከፋይሉ ሆድ ውስጥ ፈርምዌሩን ቆርጦ ያወጣል፤ ከዚያ ትክክለኛው አቃፊ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስሙም ቆራጭ ነው የሚባለው። ጀማሪ ተጠቃሚ በመጀመሪያው ቀኑ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና እንዲሠራ ይጠበቅበት ነበር።

ሌላው መላ ኤንዲአይኤስራፐር ነበር። ይህ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራውን ድራይቨር እንዳለ አንስቶ በሊኑክስ ውስጥ ያስሮጠዋል፤ ድራይቨሩ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። እኔም በዘመኑ ሠርቼበታለሁ። ከካርዱ ጋር የመጣውን ሲዲ ፈልጎ፣ ሁለት ፋይል ከውስጡ ለቅሞ፣ አስገብቶ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ሲሠራ ደስ ብሎኝ፣ ከዚያ ማሽኑ ድርቅ ሲልብኝ ከሶኬት ነቅዬ ማጥፋቴ ትዝ ይለኛል። ባለ 64 ቢት ሲስተም ላይ ባለ 32 ቢት ድራይቨር አይገባም ነበርና፣ አዲስ ፕሮሰሰር የገዛ ሰው ከአሮጌው ይልቅ ይቸገር ነበር። ያን ጊዜ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ከሌላው ይለይ የነበረው በዕውቀቱ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው በትዕግሥቱ ነው።

ኩባንያዎቹ ለምን እንዲህ ያዙት? አንዱ መልሳቸው የንግድ ምሥጢር ነው፤ ይህን ማንም ይገምተዋል። ሁለተኛው ግን ከሬዲዮ ሕግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እያንዳንዱ አገር የትኛው ቻናል በምን ያህል ኃይል እንደሚፈቀድ ይወስናል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ አሜሪካ እስከ ቻናል 11 ስትጠቀም፣ አብዛኛው ዓለም እስከ 13 ይሄዳል። በ5 ጊጋኸርትዝ ደግሞ አንዳንዶቹ ቻናሎች የአየር ሁኔታ ራዳር የሚሠራባቸው ናቸው፤ ራዳር ከተሰማ ራውተሩ ወዲያው መልቀቅ አለበት። ኩባንያው «ኮዱን ከሰጠሁ ተጠቃሚው ያልተፈቀደ ቻናል ይከፍታል፣ እኔ እጠየቃለሁ» ይላል። ኢንቴል በ2004 ለሴንትሪኖ ካርዶቹ ኮዱ ክፍት የሆነ ድራይቨር አውጥቶ ተመስግኖ ሳለ፣ በ2006 ለ3945 ካርዱ ያወጣው ድራይቨር ይህንኑ ሕግ የሚጠብቅ አንድ የተዘጋ ፕሮግራም ከጎኑ ካልሮጠ አልሠራም አለ። ብዙ ጩኸት ተነሳ፤ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ኢንቴል ያን ትቶ ጥበቃውን ወደ ፈርምዌሩ አስገባውና ድራይቨሩ ንጹሕ ሆነ።

ዛሬ ሊኑክስ የሁሉንም አገር ደንብ የሚይዝ አንድ ሰንጠረዥ አለው፤ ኢትዮጵያም በሁለት ፊደል መለያዋ የራሷ መስመር አላት። ይህ እንዲሁ ለማወቅ ብቻ የሚነገር አይደለም። ላፕቶፑ የአሜሪካን ደንብ ይዞ ከመጣ፣ ቤት ያለው ራውተር ደግሞ ቻናል 12 ወይም 13 ላይ ከተቀመጠ፣ ስልኩ የሚያየውን ዋይፋይ ላፕቶፑ አያየውም። ሰውየው ካርዱ የተበላሸ መስሎት ይለውጠዋል፤ የሚያስፈልገው ግን የአገር ኮዱን ማስተካከል ወይም ራውተሩን ወደ ቻናል 6 ማውረድ ነበር።

የሕጉን ሰበብ ያፈረሰው ክርክር ሳይሆን አቴሮስ ነው። ይህ ኩባንያ በ2008 የሊኑክስ ድራይቨር ጸሐፊ ቀጥሮ ኤቲኤች9ኬ የተባለውን ሙሉ በሙሉ ክፍት ድራይቨር አወጣ። ካርዶቹ ከውጭ የሚጫን ፈርምዌር እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ «ሕጉ አይፈቅድልንም» ማለት ከባድ ሆነ፤ አንዱ ተፎካካሪ አድርጎት ምንም አልደረሰበትማ! በመስከረም 2010 ብሮድኮም ራሱ ለጥቂት ቺፖቹ ኮዱ ክፍት የሆነ ድራይቨር ሲያወጣ ዜናው ለብዙዎቻችን ማመን የሚያስቸግር ነበር። የቆዩት ቺፖች ግን በአብዛኛው በዚያ ውስጥ አልተካተቱም፤ ሰከንድ ሃንድ ገበያው ደግሞ የሚኖረው በቆዩት ቺፖች ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በኩባንያዎቹ ላይ ጥሎ መሄድ ይቻል ነበር። ግማሹ በር ግን የተዘጋው ከዚህኛው ወገን ነው። ዴቢያን፣ ማለትም ኡቡንቱ የተገነባበት ሲስተም፣ በ1997 የጸደቀ ማኅበራዊ ውል አለው፤ ሲስተማችን ሙሉ በሙሉ ነጻ ሶፍትዌር ይሆናል የሚል ቃል ኪዳን ነው። በ2011 የወጣው ዴቢያን 6 ቃሉን አጥብቆ ነጻ ያልሆነውን ፈርምዌር ሁሉ ከከርነሉ ለየው። ፈርምዌሩ የተጨመረበት የመጫኛ ፋይልም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ግን «መደበኛ ያልሆነ» የሚል ስም ተለጥፎበት ጀማሪ በማይደርስበት ጓዳ ተቀመጠ። አዲሱ ሰው ፊት ለፊት ያለውን ያወርዳል፣ ፍላሽ ላይ ይጽፋል፣ ይጭናል፤ መሃል ላይ ሲደርስ መጫኛው ራሱ «ይህ ፋይል ጎድሎኛል፣ በሌላ ፍላሽ አምጣልኝ» ይለዋል። ከዓመት ወደ ዓመት ላፕቶፖች የኔትወርክ ገመድ መሰኪያቸውን እያጡ ሲሄዱ፣ በገመድ ተገናኝቶ ማውረድ የሚባለው መውጫም ጠበበ።

በሚያዝያ 2022 ከዴቢያን አዘጋጆች አንዱ ስቲቭ ማክንታየር ይህ አካሄድ ከእንግዲህ እንደማያዋጣ በይፋ ጻፈ። ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ እኔን ይዞኛል። የድምፅ ቺፖችም ፈርምዌር መጠየቅ ጀምረዋል፤ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው መጫኛውን የሚጠቀመው በድምፅ ነው፤ ፈርምዌሩ ካልተጨመረ ይህ ሰው ዝም ባለ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። የነጻነት መርሕ ተብሎ የተቀመጠው ነገር በመጨረሻ ማንን እንደሚከለክል ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። ጉዳዩ ለአባላቱ ድምፅ ቀረበ፤ ውሉን የሚነካ ስለሆነ ከተራ አብላጫ በላይ፣ ሦስት ለአንድ ማሸነፍ ነበረበት። አሸነፈም። በጥቅምት 2022 መጀመሪያ ማኅበራዊ ውሉ ተሻሻለ። በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 አንድ መጫኛ ብቻ ይዞ መጣ፤ ፈርምዌሩ ውስጡ አለ፣ ካስፈለገ ራሱ ይጫናል፣ የማይፈልግ ሰው ሲጀምር ማጥፋት ይችላል፣ የተጫነውም ምን እንደሆነ ይነገረዋል።

ተቃዋሚዎቹ «ጫናው ሲቀር ኩባንያዎቹ መቼም አይከፍቱም» አሉ። ክብደት የሌለው ነገር አይደለም። እኔ ግን ዴቢያን አሥር ዓመት ሙሉ በሩን ሲዘጋ የተጫነው አንድም ኩባንያ አላውቅም፤ የተጫነው ጀማሪው ነው። ኩባንያዎቹን ያንቀሳቀሳቸው እንደማየው ገዢ ነው። በ2011 ክሮምቡክ የተባሉት በሊኑክስ ላይ የቆሙ ላፕቶፖች ሲመጡ፣ ሊኑክስ ላይ የማይነሳ ካርድ ለእነሱ አይሸጥም ነበር፤ ለራውተርና ለቴሌቪዥንም እንደዚያው። ሪልቴክና ሚዲያቴክ የተባሉት ቺፕ ሠሪዎች ዛሬ በራሳቸው ሠራተኞች እጅ ለከርነሉ ኮድ የሚልኩት ማንም ስላፈረባቸው አይመስለኝም።

በነጻነቱ ወገን ያለ አንድ አያዎ ደግሞ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ከርነሉን ከማንኛውም የተዘጋ ፈርምዌር የሚያጸዱ ወገኖች አሉ፤ ሥራቸውንም አከብራለሁ። በእነሱ ሚዛን ፈርምዌሩ ከዲስክ የሚጫን ከሆነ ካርዱ ይወድቃል፤ ያው ምሥጢራዊ ፈርምዌር ፋብሪካ ውስጥ ቺፑ ላይ ታትሞ ሊለወጥ የማይችል ከሆነ ግን እንደ ዕቃ ተቆጥሮ ያልፋል። ፋይሉን ማየት ከቻልኩ ኃጢአት፣ ካላየሁት ጽድቅ ሊሆን ነው። ከዲስክ የሚጫነውን ቢያንስ ነገ የተሻለ ሲወጣ መለወጥ እችላለሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከተፈታ የእህቴ ልጅ ለምን «የለም» ተባለ? ችግሩ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ ከኢንቴል የመጣ ካርድ ያለበት ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይጠይቅ ይነሳል። የሚያስቸግሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ ድራይቨራቸው ከርነሉ ውስጥ ያልገባ የቆዩ ካርዶችና፣ በዩኤስቢ የሚሰኩት ትናንሽ የዋይፋይ ፍላሾች።

የፍላሾቹ ነገር ሥሩ የተረሳ ደረጃ ነው። ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ የማስታወሻ ፍላሽ፣ ዌብካም፣ ከየትም ፋብሪካ ይምጡ በዩኤስቢ በኩል አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ አንድ ድራይቨር ለሁሉም ይበቃል። ለዋይፋይ እንዲህ ያለ የጋራ ቋንቋ አልተበጀለትም። እያንዳንዱ ቺፕ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል፤ ሣጥኑ ላይ ደግሞ የቺፑ ስም አይጻፍም። ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የተባለውን ታዋቂ ፍላሽ ውሰዱ። የመጀመሪያው እትም ውስጥ ያለው ቺፕ የአቴሮስ ሲሆን ሊኑክስ ላይ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል፤ ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ቺፑ የሪልቴክ ነው፤ ድራይቨሩም ሌላ፣ ጠባዩም ሌላ። ስሙ ግን ያው። አንዳንዱ ርካሽ ፍላሽ ደግሞ ሲሰካ ራሱን እንደ ሲዲ ያስተዋውቃል፤ ውስጡ የዊንዶውስ ድራይቨር አለ፤ ያ «ሲዲ» ካልወጣ ዋይፋይ አይሆንም። ቀደም ሲል ሲም እየከተትን የምንጠቀምባቸው የኢንተርኔት ፍላሾችም ይህንኑ ተንኮል ይሠሩ ነበር። መሻሻል ግን አለ፤ ለምሳሌ ለሪልቴክ ቺፖች የተጻፈው አርቲደብሊው88 የተባለው ድራይቨር በ2023 መጀመሪያ ከወጣው ከርነል 6.2 ጀምሮ የዩኤስቢዎቹንም መቀበል ጀምሯል።

ከርነሉ ውስጥ መግባት ወይም አለመግባት ለምን ወሳኝ ሆነ? የሊኑክስ ከርነል በየዘጠኝ ወይም አሥር ሳምንቱ አዲስ እትም ያወጣል፤ በእያንዳንዱ እትም ውስጣዊ አሠራሩን እንዳሻው ይለውጣል። ውስጡ ያለ ድራይቨር ለዋጩ ራሱ አብሮ ያስተካክለዋል። ውጭ የቀረ ድራይቨር ግን ለእያንዳንዱ ከርነል እንደ አዲስ መጠናቀር አለበት። ይህን በራስ ሰር የሚያደርግ ዲኬኤምኤስ የተባለ መሣሪያ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ አንድ ቀን ጠዋት ግን ሲስተሙን አድሰህ ስትነሳ ዋይፋዩ ይጠፋል። ያን ቀን መፍትሔው ማሽኑ ሲነሳ በሚመጣው ማውጫ ውስጥ ገብቶ አሮጌውን ከርነል መምረጥ ነው።

ወደ ቅዳሜያችን እንመለስ። መጀመሪያ ያየሁት ተራውን ነገር ነው፤ ኤርፕሌን ሞድ እንዳይሆን፣ ጎኑ ላይ ያለው ማብሪያ እንዳይዘጋ። ደህና ነው። ከዚያ ተርሚናል ከፍቼ በማሽኑ ውስጥ የተሰኩትን ካርዶች የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ ሰጠሁ። ካርዱ አለ! ልጁ «እንዴ!» አለ። ከእያንዳንዱ ካርድ ጎን በሁለት ነጥብ የተከፈለ ቁጥር ይመጣል፤ የመጀመሪያው ግማሽ የኩባንያው መለያ ነው፣ ሁለተኛው የቺፑ። የኢንቴል መለያ 8086 ነው፤ በ1978 ያወጡትን ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም ነው እስከ ዛሬ በየካርዱ የሚለጥፉት። ከታች ደግሞ የትኛው ድራይቨር ካርዱን እንደያዘው የሚናገር መስመር መኖር ነበረበት። በእኛ ካርድ ላይ ያ መስመር የለም። ካርዱ በር ላይ ቆሟል፤ የሚያናግረው አስተርጓሚ ግን አልመጣም። የሠሪውን ስም አልጠራም፤ ቁጥሩን ግን ልጁ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

ቀጥሎ ስልኩን ቻርጅ በሚያደርግበት ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘነውና የስልኩን ኢንተርኔት በዩኤስቢ እንዲያካፍል አበራነው። ላፕቶፑ ወዲያውኑ ተገናኘ። ስልክ በገመድ ሲሰካ ራሱን እንደ ተራ የኔትወርክ ካርድ ነው የሚያቀርበው፤ ለዚያ የጋራ ቋንቋ አለው፤ ሊኑክስም ያውቀዋል። ስልኩ በቤቱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ያንኑ ያሳልፋል፤ ስለዚህ የሞባይል ዳታ ጥቅል አይበላም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ሳያስብ ሙሉ ማሻሻያ ስለሚያስጀምር ነው፤ የፈርምዌሩ ጥቅል ብቻውን ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው፤ የሳምንት ጥቅል ገዝቶ ለካርዱ ሲል በአንድ ሰዓት የጨረሰ ሰው አውቃለሁ። የሚያስፈልገው የድራይቨር ማስተዳደሪያውን መስኮት ከፍቶ የተመከረውን አንድ ድራይቨር መምረጥ ብቻ ነው። መረጥን። መጫኛው መሃል ላይ የይለፍ ቃል ፍጠሩ አለን፤ ፈጠርን። «አሁን አጥፍተህ አስነሳ» አልኩትና ቡና ላስቀዳ ተነሳሁ።

ስመለስ ዋይፋይ የለም። «ሰማያዊ ነገር መጥቶ ነበር፣ አለፍኩት» አለ። ያ ሰማያዊ ስክሪን የመጨረሻው በር ነው። ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈረመ ኮድ ወደ ከርነሉ እንዳይገባ ይከለክላል፤ እኛ ማሽኑ ላይ ያጠናቀርነው ድራይቨር የተፈረመው ደግሞ በእኛው ማሽን ቁልፍ ነው። ስክሪኑ «ይህን ቁልፍ ታምነዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠብቀው አሥር ሴኮንድ ያህል ነው፤ መጀመሪያ የተመረጠው መልስ ደግሞ «ቀጥል» ነው። ሰው ሁሉ «ቀጥል»ን ይጫናል። ቁልፉ አይመዘገብም፣ ድራይቨሩ ይታገዳል፣ የሚነግር መልእክት የለም። የሃያ ዓመት የፈቃድ ክርክር መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ራሱ ፈቃጅ ሆኖ ሲጠየቅ፣ በማይገባው ቋንቋ፣ በአሥር ሴኮንድ ነው። ይህን የቀረጹት ሰዎች አንድ ቀን በእናቶቻቸው ኮምፒውተር ላይ ቢሞክሩት እወዳለሁ።

ድራይቨሩን አንስተን እንደገና ጫንነው፤ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ሰማያዊው ሲመጣ በቀስቱ ወርዶ ቁልፍ መመዝገብ የሚለውን መረጠ፤ ቃሉን አስገባ። ማሽኑ ተነሳ። ጥጉ ላይ ያቺ የማራገቢያ ቅርጽ ያላት ምልክት መጣች፤ የጎረቤት ዋይፋዮች ስም አንድ በአንድ ተደረደረ። ልጁ ገመዱን ነቀለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ባለፈው ወር ይኸው ልጅ የክፍል ጓደኛው ላፕቶፕ ሲገዛ አብሮት ሄዶ ነበር። ሊኑክስ የተጻፈበትን ፍላሽ ይዞ፣ ማሽኑን ከፍላሹ አስነስቶ፣ ሳይጭን እንዲያው እያየ። ባለ ሱቁ መጀመሪያ «ዊንዶውሱ አለ እኮ፣ ምን ልታደርገው ነው?» ብሎ ተጠራጠረ። «ምንም አልነካም፤ ዋይፋዩን ብቻ ልይ» አለው። ሦስተኛው ላፕቶፕ ላይ ምልክቷ መጣች፤ የሱቁን የዋይፋይ የይለፍ ቃል ጠየቁ።